በእጃችን ያለውን እንወቅ



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ንባብ አደላድላችሁ እዚህ በመድረሳችሁ ደስ ብሎናል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ተመድበን የመጣን ወጣቶች ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ጉብኝት ነው።

ጉብኝት ምንድን ነው? ለማየትና ለማወቅ ብሎ መሄድ ነው። ገበያ የሚሄድ ሰው ለመሸጥና ለመግዛት ይሄዳል። ንግሥ የሚሄድ ለመሳለም ይሄዳል። ዚያራ የሚሄድ ለዱዓ ይሄዳል። ጎብኚ ደግሞ ይጠይቃል፤ ይህ መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ለመሳለም የሄደም ሰው እግረ መንገዱን ይህን ከጠየቀ ጎበኘ ማለት ነው።

«ጉብኝት የሀብታምና የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሕንድ አገር፣ በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ፣ ፑሪ የሚባል አውራጃ አለ። በፑሪ ከተማ ጃጋናት የሚባል ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ኮናርክ በሚባል ስፍራ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ይገኛል። መልኩ እንደ ሠረገላ ነው፤ 24 የድንጋይ መንኮራኩሮች ተቀርጸውበታል። የአገሩ ሰው፣ ገበሬውም ጭምር፣ ከሩቅ ከቅርብ እየመጣ መቅደሱን ይሳለማል፤ የተጠረበውን ድንጋይ ያያል፤ ባሕሩን አይቶ ይመለሳል።

እኛስ? ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን። የተጠረበ ድንጋይም አለን። እስቲ ከወልድያ ተነስተን በደሴው መንገድ እንሂድ።

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እንገባለን። የሀብሩ ሰው ይህን መንገድ ለገበያ አሳምሮ ያውቀዋል። ከመርሳ ወዲያ ውርጌሳ ነው፤ ከውርጌሳ ወዲያ ውጫሌ ነው። በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሡ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን ይህን ግዴታ አደረገው። በአንድ ቃል ምክንያት የአገር ነፃነት ተነካ፤ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. እስከ አድዋ ጦርነት አደረሰ። አንብቦ መረዳት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከውጫሌ የበለጠ የሚያስተምር ቦታ የለም።

ጥቂት አለፍ ስንል ሐይቅ እንደርሳለን። ወደ ውሃው ሾሎ በገባው መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ የአራቱ ወንጌላት ብራና ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ ለእኛ ደርሷል። በየጁ ምድር ደግሞ የዳና መስጊድ አለ። ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርት ቦታ ነው። የወሎ ሼሆች መንዙማ በዓረብኛም፣ በዓረብኛ ፊደል አድርገው በአማርኛም ጽፈዋል። እንግዲህ ትምህርት ዛሬ ከከተማ የመጣላችሁ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮም የእናንተው ነበር።

ከወልድያ ወደ ምዕራብ፣ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥተን በጋሸና ስንታጠፍ ላሊበላ እንደርሳለን። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ አይደለም፤ አለቱ እየተፈለፈለ ነው። የዓለም ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት በ1970 ዓ.ም. ነው። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው ይመጣል። በቅርብ ያለን ሰዎች ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

አለማወቅ ምን ይጎዳል? አንድ ነገር እንንገራችሁ። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ከአገር ወጥቶ ለውጭ ሰው ተሸጠ። ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ግን ተመለሰ። የመስቀሉ ስሙም መልኩም የታወቀ ነበር። ስሙ ያልታወቀ፣ በየትም ያልተጻፈ ብራና ቢሆን ኖሮስ? ማን «የኛ ነው» ብሎ ይጠይቅ ነበር? ምንስ ማስረጃ ያቀርብ ነበር?

ሌላም አለ። የሐይቅ ውሃ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ከተራራው ታጥቦ የገባ አፈር መውጫ የለውም፤ እዚያው ይተኛል። በላይ ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራና ዛፍ ሲተክል ማሳውንም ሐይቁንም ይጠብቃል። ይህን የሚያውቀው ወርዶ ውሃውን ያየ ሰው ነው።

ደግሞም እንግዳ ሁልጊዜ አይመጣም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንም ላሊበላንም ባዳረሰ ጊዜ የእንግዳ መንገድ ተቋርጦ በእንግዳ የሚተዳደረው ሰው ተቸግሯል። ያን ጊዜም ከቅርሱ ጋር የቀረው አገሬው ነው። ጠባቂው እሱ ነው። የማያውቁትን ነገር ደግሞ መጠበቅ ይከብዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለንግሥም ለዚያራም ለዘመድ ጥየቃም ስትሄዱ በመንገድ ያለውን እዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከቄሱም፣ ከሼሁም፣ ከሽማግሌውም ጠይቁ። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ!

ሁለተኛ፣ የቦታውን ሥርዓት አክብሩ። ጫማ አውልቁ በሚባልበት አውልቁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ሐይቁንና አካባቢውን ግን ማንም ያያል። በአለት ላይ ስም አትጻፉ። ብራና በቅባት እጅ አትንኩ።

ሦስተኛ፣ ይህ ዋናው ነው፤ ጻፉ። በየደብሩና በየመስጊዱ ያለውን መስቀል፣ ብራና፣ ኪታብና ከበሮ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ሆናችሁ መዝግቡ። ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ምልክት እንዳለው፣ ማን እንደሰጠው ይጻፍ። መዝገቡ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ባዕድ ሰው ገንዘብ ይዞ «ይህን አሮጌ ብራና ሽጡልኝ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ለኃላፊዎች ንገሩ። የተሸጠው ተመልሶ አይገዛም።

ይህን ሥራ ከተማ ያለ ሰው ሊሠራላችሁ አይችልም። የሽማግሌውን ቃል የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ አሁን ደግሞ መጻፍ ችላችኋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በቤቱ ያሉትን ታላቅ ሰው አንድ ነገር ጠይቁ፦ የደብራችን ወይም የመስጊዳችን ጥንታዊ ዕቃ የትኛው ነው? መልሱን በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። አንድ ላይ እናነበዋለን።