ከበረሃ ተመልሶ የሚቀባዥር ሰው

ዛሬ ስለ ወባ እናወራለን፤ ስለ ትኩሳቱና ስለ ብርዱ ሳይሆን በአንጎል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት።

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ደጋ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ቤቱ በተመለሰ በሳምንት በሁለት ሳምንት ትኩሳት ይይዘዋል። ከዚያም ይቀባዥራል፣ እናቱን አያውቅም፣ ይደባደባል፣ ወይም ተንዘፍዝፎ ይወድቃል። ጎረቤት ተሰብስቦ «የበረሃ ጂን ለክፎት ነው» ይላል። ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናልና አንክድም። የልጁን ደም ሳያስመረምሩ እንዲህ ብሎ መፍረድ ግን ከየት መጣ?

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት እየተጣበቁ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። የደም ስኳርም ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ብቻውን ሰውን ያስቀባዥራል። ካልታከመ በአንድ በሁለት ቀን ይገድላል። ደገኛ ደግሞ ሰውነቱ ወባን አልለመደውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ወባ ደጋው ድረስ ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከዚያ በፊት በ1954 ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በደንቢያ የደረሰው የወባ እልቂት ነበር።

ስለዚህ ሩቅያው ይቀራ፤ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እየተወሰደ፣ በመንገድ ላይ ይቀራ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዝዘውናል፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያስወጣም። ራሱን ለሳተ ሰው ክኒንም ውሃም፣ ዘምዘምም ቢሆን፣ በአፉ አይሰጠው፤ በጎኑ ይተኛ። ለሐኪሙም «በረሃ ነበር» ማለት አይረሳ፤ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ነገር ይናገራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ወባው ከደም ከጠፋ በኋላ፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ፣ ጥቂት ሰዎች እንደገና ይቀባዥራሉ፤ የሌለ ነገር ያያሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ያኔ ቤተሰብ «ይኸው፣ ጂን ነው ብለን ነበር» ይልና ከሐኪም ያስቀረዋል። ይህም ግን በሕክምና የታወቀ የወባ መዘዝ ነው። ወባው አገርሽቶ እንደሆነም መለየት ስላለበት፣ በዚያው ቀን ተመልሶ ይመርመር።

ልጃችሁን ለእንዲህ ያለ ወጣት ያጫችሁ ወላጆችም፣ አዲስ ዓለም ያላችሁም ሆነ ደባርቅ፣ «ጂን አለበት» ብላችሁ ኒካሑን ለማስቀረት አትቸኩሉ። እንዲህ ያለው ሕመም የያዘው አብዛኛው ሰው፣ በአላህ ፈቃድ፣ በሳምንታት ውስጥ ይድናል።