ውቅሮ ጨርቆስ፦ ሳይገነባ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን
(በመቀሌ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ ዓዲግራት የሚያመራ መንገደኛ 45 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ውቅሮን ያገኛል። ከተማይቱ ስሟን የወረሰችው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ውቅር ማለት ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ማለት ነውና። ቤተ ክርስቲያኑ በአውራ ጎዳናው አቅራቢያ ስለሚገኝ፣ በገደል ላይ እንደ ተሰቀለው እንደ አቡነ የማታ ጎሕ አድናቂ አልበዛለትም። የቀረበ ነገር ይናቃል እንዲሉ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከብዙዎቹ ይልቅ የሚያስተምረው ይኸው ነው።

ትውፊቱ ሥራውን ለ4ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ለአብርሃና አጽብሓ ይሰጣል። ተመራማሪዎች ዘመኑን ወደዚህ ያቀርቡታል፤ ግምታቸውም ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተር አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከ120 የሚበልጡ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ሲያቀርቡ፣ የውጭው ምሁር ዓለም ከላሊበላ ሌላ ይህን ያህል ሀብት መኖሩን ገና መረዳቱ ነበር። የአገሩ ሰው ግን በየሰንበቱ ይሳለማቸው ነበር።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው በመስቀል ቅርጽ የተጠረቡ አምዶችን፣ በአምዶቹ መካከል የተወጠሩ ቅስቶችን፣ እንደ ግማሽ በርሜል የጎበጠ ጣራን፣ በግድግዳው ላይኛ ክፍልም ተደርድረው የተቀረጹ የመስኮት አምሳያዎችን ያያል። እነዚህ መስኮቶች ብርሃን አያስገቡም። ትርጉማቸው የሚገባው ደብረ ዳሞን ላየ ነው። በዚያ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ በአግዳሚ እንጨት ታስሯል፤ ውጭ ብቅ ያለው የማሠሪያው ጫፍም የዝንጀሮ ራስ ይባላል። እንግሊዛዊው አርኪቴክት ዴሬክ ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያንን ቤተ ክርስቲያን ሲጠግን የበሰበሰውን እንጨት በአዲስ ለመተካት ችሏል። የውቅሮው ጠራቢ ግን የእንጨቱን መልክ በዐለት ላይ አስቀረው፤ የሚተካ ነገር የለውም።

ቅስቱ ግን እንደ መስኮቶቹ ትዝታ ብቻ አይደለም። የአሸዋ ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ይሰነጠቃል። ስለሆነም ጠፍጣፋ ጣራ መካከሉ ላይ ሲፈተን፣ የጎበጠው ጣራ ክብደቱን ወደ አምዶቹ ያሻግራል። ግንበኛ የተሳሳተውን አፍርሶ ይሠራል፤ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቆረጠውን አይመልስም። የአምዱ ውፍረት ከመጀመሪያው መታወቅ ነበረበት፤ ያለ ስሌት መጽሐፍ ይህን የወሰኑ ሰዎች የሙያችን አባቶች ናቸው።

እንደዚህ ያለውን ሕንፃ የሚፈታተነው ከክብደቱ ይልቅ ውኃ ነው። የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ሲገባ የአሸዋውን ቅንጣቶች ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፤ ሲደርቅም ጨው በገጹ ላይ ተረግዞ ድንጋዩን ይልጠዋል። በዚህ ጊዜ እጃችን ፈጥኖ የሚዘረጋው ወደ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ጠጣርና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ ውኃውን ከኋላው ያቁረዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልስኑ ደህና ሆኖ አጠገቡ ያለው ዐለት ይፈርሳል። መጠለያ መትከልም ቀላል መፍትሔ አይደለም። በላሊበላ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆዩ፣ ካህናቱና ነዋሪው ከዛሬ ነገ ይወድቃሉ እያሉ ሰግተዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ትንሽ ሥራ አለ። በካህናቱ ፈቃድ ከጣራው በላይ የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ በካርታ ይነሣ፤ ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ይጠረግ፤ በስንጥቆቹ ግራና ቀኝ ዐለቱን የማይጎዳ ምልክት ተደርጎ ስፋታቸው በየዓመቱ በአንድ ወር ይለካ፤ ልኬቱም በደብሩና በማኅበሩ መዝገብ ይግባ። ለዚህ ሁለት መሐንዲሶችና በዓመት ሁለት ቀን ይበቃሉ።