ቤት ስንገዛ ምን እናስመርምር?
(በካቺሲ በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ቤት ስለ መግዛት እንድናገር የተጠየቅሁት ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ተጎድቼ የተማርሁ በመሆኔ ነው። እንደምታውቁት ዐሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ቤት ኖሬአለሁ። ባለቤቴና እኔ ከደመወዛችን እየቆጠብን፣ እቁብም እየጣልን፣ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችንን ቤት ገዛን።

እንዲሁ ዘው ብዬ አልገባሁም። «ባለሙያ ይየው» አልሁ። ደላላው «እኔ ጋ አለ» ብሎ አንድ ሰው አመጣልኝ። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ። «ይህ ቤት ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ምን ልበላችሁ፣ የተጣደው ቡና እንኳ አልፈላም ነበር! ግድግዳው አዲስ ተለስኖ፣ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። እኔም አመንሁ።

ሐምሌ ሲገባ የጓዳው ግድግዳ በአንድ ሌሊት ዘመመ። ልጆቹን ጎረቤት አሳደርን። በማግስቱ የእድራችን ሰዎች ባላ ይዘው መጥተው ደገፉልን፤ ውለታቸውን አልረሳም። ልስኑ ሲፈነቀል ምሰሶዎቹ ከአፈሩ በላይ አንድ ክንድ ያህል በምስጥ ተበልተው ዱቄት ሆነዋል። ለካስ ቤቱን ያቆመው ልስኑ ኖሯል!

ሻጩን ስጠይቀው «አስመርምረህ አይደለም ወይ የገዛኸው?» አለኝ። መርማሪው «የታየኝን ተናገርሁ» አለ። ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ ቤት አልሠራሁም» አለ። ማን ምን እንዳየ የሚናገር ወረቀት አልነበረኝም። በሽማግሌ ተነጋግረን ሻጩ የእንጨቱን ዋጋ በከፊል ቻለ፤ የቀረው በእኔው ላይ ወደቀ።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አድርጓል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም ይላል። እንግዲህ በሕግ ፊት የገዛነው ምሰሶውን፣ ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ነው። እነሱ ከበሰበሱ ምን ገዛን ይባላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ዋስትና የለም። ጉድለቱን ያገኘ ገዢም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ ይኖርበታል።

ስለዚህ ከእኔ ጥፋት ተማሩ።

አንደኛ፣ መርማሪውን ራሳችሁ ፈልጉ። ደላላ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ እሱ ያመጣው ሰው «አትግዛ» ይላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ የምሰሶውን ሥር አስቆፍሩ፤ በካቻቪቴም አስወጉት። ጤነኛ እንጨት ይመክታል፣ የተበላው ግን ብረቱን ይውጣል። ምስጥና ብስባሽ የሚጀምረው እንጨት ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካለ መሠረቱን ጠርጥሩ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነቃንቃል። አዲስ ልስን ያረፈበትን ቦታ «ለምን አሁን ተለሰነ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ቢቻል ዝናብ ሲዘንብ ሄዳችሁ እዩ። የሚያፈስ ቆርቆሮ በሚያዝያ አይናገርም።

አምስተኛ፣ መርማሪው ያየውንም ያላየውንም በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርም። ሻጩም ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ጉድለት በውሉ ላይ ያስጽፍ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመካከላችን እጃቸው የተመሰከረላቸው አናጢዎችና ግንበኞች አሉ። ከነሱ ሁለቱን መርጠን፣ ቤት የሚገዛ አባል በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያስመረምር ብናደርግ፣ ነገ ባላ ይዘን ከምንሮጥ ዛሬ አንድ ምሰሶ ሥር ብንቆፍር ይሻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለም አባቶቻችን?