የበቅሎዎቹ መንገድ

አሁን የምትሰሙት የብስክሌት ጎማ ደቃቅ ጠጠር ላይ ሲሄድ ነው። እስቲ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ልበልና አዳምጡት።

ጡሩምባ የለም፤ የሞተር ድምፅም የለም። ወፍ አለ፣ በግራ በኩል ወንዝ አለ፣ ጠጠሩ አለ። ድምፁን የቀዳሁት ከዋሽንግተን ዲሲ መሃል በብስክሌት በወጣንበት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ያለንበት የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ ነው። መንገዱ ከጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ እስከምትባል የተራራ ከተማ ይዘልቃል። ርዝመቱ 184.5 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 297 ይሆናል። አልፎ አልፎ ወደ ወንዙ የሚወርድ የጀልባ ማስገቢያ መንገድ ከማቋረጥ በቀር ከመኪና ጋር እምብዛም አትገናኙም።

አብረውኝ የተጓዙት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ ስላልወደዱ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በቅሎ ጭነው ገበያ የወጡ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። «ኤም ጎዳና ላይ ስንቱን ተሳፋሪ አውርጃለሁ! ትንሽ ቁልቁል ወረድ ቢሉ ይህ እንዳለ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አሉኝ። ለዚህ ጉዞ ያስነሣኝም ይኸው ነው። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ስንት ወገን አለ፤ የዕረፍት ቀኑን ሳይቀር ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ቆሞ የሚያሳልፍ። መንገዱ ደጁ ላይ ነው፤ መግቢያ ክፈል የማይባልበትም ብዙ ቦታ አለው።

ብስክሌታችን የሚሄድበት ዳርቻ የተደለደለው ለበቅሎ ኮቴ ነው። ድሮ በቦዩ ላይ ጀልባዎች ከተራራው አገር ከ100 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል ጭነው ሲወርዱ የሚጎትቷቸው በረዥም ገመድ የታሰሩ ሁለት ወይም ሦስት በቅሎዎች ነበሩ። ስድስት ሰዓት ያህል ይጎትቱና ይፈታሉ፤ ተረኞቹ ጀልባዋ ላይ ካለው ጋጣ ወጥተው ይጠመዳሉ። ብዙውን ጊዜ ካፒቴኑ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚያው ላይ ይኖራል። ከፍ ያለው ልጅ በቅሎዎቹን እየነዳ በእግሩ ይሄዳል፤ ገና የሚድኸው ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅ ወገቡን በገመድ ጀልባዋ ላይ ይታሰራል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ብስክሌታቸውን አቁመው ዳርቻውን ቁልቁል ተመለከቱት። «በቅሎ እኮ እኛ አገር የክብር መቀመጫ ናት። ዳኛ፣ ቄስ፣ ሙሽራ የሚቀመጥባት። እዚህ ለካ እንደ ቀን ሠራተኛ ነው የለፋችው» አሉ።

መንገዱ ሜዳ የሆነውም የቦዩን ውኃ ስለሚከተል ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ከፍታው የሚጨምረው 184 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ያም በ74 የውኃ በሮች ተከፋፍሏል። በጠፍጣፋው መንገድ ስትሄዱ ድንገት አጭር ዳገት ቢገጥማችሁ በር ደረሳችሁ ማለት ነው። በሩ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጠባብ ገንዳ ነው፤ ጀልባ ሲገባ በሁለቱም ወገን የሚተርፈው ክፍተት አንድ ስንዝር አይሞላም። በታች በኩል ገብቶ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ከላይ ውኃ ይለቀቅለታል፤ ጀልባው ከነጭነቱ ቀስ እያለ ወደ ላይኛው ደረጃ ይነሣል። የበሩ ሁለት ክንፎች ሲገጥሙ ወደ ላይኛው ውኃ ሾጠጥ ይላሉ፤ ውኃው በገፋቸው መጠን አጥብቀው ይዘጋሉ። በብዙዎቹ በሮች አጠገብ የበረኛው ትንሽ ቤት ነበረች፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ ዛሬ ለአዳር ይከራያሉ። በረኛው ሌሊትም ቢሆን ከሩቅ የጀልባ ጡሩምባ ሲሰማ ተነሥቶ መክፈት ነበረበት።

የቦዩ ታሪክ ግን የተሸናፊ ታሪክ ነው። ጁላይ 4 ቀን 1828 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ቁፋሮውን ሊያስጀምሩ አካፋ ሲያነሡ ከዛፍ ሥር ጋር ተጋጨባቸው። ደጋግመው ቢሞክሩም እምቢ አለ። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው አፈሩን ሲያነሡ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። በዚያው ዕለት፣ ባልቲሞር ላይ፣ ተፎካካሪው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ። ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው። ኦሃዮ ወንዝ ድረስ ይሄዳል የተባለውም እዚያው ቀረ። የ1889 ጎርፍ የቦዩን ኩባንያ አከሰረው፤ ከ1924ቱ ጎርፍ በኋላ ደግሞ ጀልባ አልተመለሰበትም። ውኃው ደረቀ፤ ቦዩ ውስጥ ዛፍ በቀለ።

እናም ዛሬ ጥላው ሥር የምንጓዝበት ደን ያ ዛፍ ነው። ነገር ግን በራሱ አልተረፈም። መንግሥት ቦታውን በ1938 ቢገዛውም፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በርእሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በጃንዋሪ 1954 ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ፤ የርእሰ አንቀጹ ጸሐፊ አብሯቸው መንገዱን በሙሉ በእግሩ እንዲሄድ፣ ያየውንም አይቶ እንዲፈርድ ጋበዙት። በማርች ወር ከከምበርላንድ 58 ሰዎች ተነሡ። በረዶ ወረደባቸው፤ እግራቸው ውኃ ቋጠረ። ስምንት ቀን ሄደው ዋሽንግተን ሲደርሱ ሙሉውን የተጓዙት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ ዳኛው አንዱ ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን አሻሻለ። ቦታው በ1971 ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ተባለ። አንድ ዳኛ ከችሎቱ ወርዶ በእግሩ ስለተሟገተለት መንገድ ሳስብ፣ ፔዳሉን ስረግጥ ምስጋና ይሰማኛል።

የሄድነው በመስከረም ነው፤ ለእኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅለትም። በፖቶማክ ዳር በዚህ ወቅት የሚፈነዳው ቢጫ አበባ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዕፅዋት አዋቂዎች ሁለቱንም በአንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ጋሼ አንድ ዘለላ ቀጥፈው ኮፍያቸው ላይ ሰኩ። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ደግሞ ፖፖ የሚባል ቅጠለ ሰፊ ዛፍ አለ። ስሙ ፓፓያ ቢመስልም ዝምድናው ከጊሽታ ነው። ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ አገኘነው፤ ልጡ አረንጓዴ፣ ሲያዝ ልስልስ ያለ። በጣታችን ከፈልነው። ውስጡ ቢጫ ሆኖ እንደ ገንፎ የላላ፣ ዘሩ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ ጣዕሙ ሙዝና ማንጎ አብረው የተፈጩ ይመስል ነበር።

ለመሄድ የሚያስብ ካለ ጥቂት ነገር ልናገር። ዝናብ ከጣለ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቀጭን ጎማ አይመከርም። በየጥቂት ማይሉ ድንኳን የሚተከልበት ነፃ ቦታ አለ፤ መጸዳጃና በእጅ የሚሳብ የውኃ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ግን በብርዱ ወራት ይዘጋል። በሁለተኛው ቀን ጎማዬ ሲተነፍስ ጎሚስታ ያለበት ከተማ ሩቅ ነበር፤ መለዋወጫ ጎማና መንፊያ ባልይዝ ኖሮ ብስክሌቴን እየገፋሁ በመሸብኝ ነበር። ደወል አትርሱ፤ እግረኛን ስታልፉ ከሩቅ አሰሙ። ከምበርላንድ ከደረሳችሁ በኋላም መንገዱ አያልቅም፤ ባቡር ትቶት በሄደ መስመር ላይ የተሠራ ሌላ የብስክሌት መንገድ እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል ያስኬዳል።

አራተኛው ቀን ላይ፣ 155ኛው ማይል አካባቢ፣ ፖፖ ዋሻ ደረስን። ለቦዩ ተብሎ ተራራውን ወግቶ 950 ሜትር ይሄዳል፤ ውስጡ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጡብ ተለብጧል። በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ በ1836 ተጀምሮ 14 ዓመት ፈጀ። ከአየርላንድ፣ ከዌልስ፣ ከጀርመን የመጡ ሠራተኞች በባሩድና በዶማ ነው የቆፈሩት። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ሲቀር ሥራ አቁመዋል፤ እርስ በርስም ተጋጭተዋል። እንግዳ አገር መጥቶ የለፋ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከብስክሌት ወርደን መብራት አበራን። የመሄጃው ጠርዝ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን እርጥብ ግድግዳ፣ በሌላው የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ጥቁር ውኃ። ከጣሪያው ጠብታ ይወርዳል። ጋሼ ከፊቴ ድንገት ቆሙና ባትሪያቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እንጨቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ሰርጎድ ያለ መስመር ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የመጎተቻው ገመድ ለዓመታት እየታከከ የበላው ነው።

ጋሼ ጣታቸውን አስገብተው ከጫፍ እስከ ጫፍ አስሄዱት።

«አባቴ በቅሏችንን የሚያስራት ግንድ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ነበረ» አሉ። ድምፃቸው ዋሻው ውስጥ አስተጋባ። ትንሽ ቆይተው መብራታቸውን ወደ ፊት መልሰው ብስክሌታቸውን ይገፉ ጀመር። ሲወጡ ፀሐይ ነበረ፤ እስከ ከምበርላንድ ገና 29 ማይል ይቀረን ነበር።