ፎቶግራፍ ማንሣት የኮሌጅ ትምህርት ያስፈልገዋልን?

(የማኅበራችን የወጣቶችና የባህል ኮሚቴ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)





የዛሬው ንግግራችን መነሻ በሰፈራችን በተደጋጋሚ የምንሰማው አንድ ጥያቄ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፎ "ምን ልታጠና ነው?" ሲባል ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ወይም ሒሳብ አያያዝ ያለ ልጅ ወዲያው ምርቃት ይወርድለታል። "ፎቶግራፍ" ያለ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ቀጥሎም "ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? የሚያነሣው ካሜራው አይደለም ወይ? ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ አይደለም እንዴ?" ይባላል። ይህ የንቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የልጁ እንጀራ ያሳሰበው ወላጅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በቁም ነገር ልንመልሰው ይገባናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በፈረንሣይ ዳጌር፣ በእንግሊዝ ታልቦት የየራሳቸውን ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ወደ አገራችንም ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር የመጣው። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላልፏል።

በየከተማችን የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም እንዲሁ በልምድ የቆሙ ናቸው። ሙያው የተገኘው ከአባት ወይም ከጌታ ነው። ልጁ መጀመሪያ ወለል ይጠርጋል፤ ከዚያ መብራት ይይዛል፤ ፊልም ማጠብ ይለምዳል፤ በመጨረሻ ጉርድ ፎቶ እንዲያነሣ ይፈቀድለታል። እኛም የመታወቂያችንን፣ የሰርጋችንን፣ የልጆቻችንን ክርስትና ሥዕል ያገኘነው በእነዚህ ሰዎች እጅ ስለሆነ ባለውለታዎቻችን ናቸው። "ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው" ይባል የለ! የኮሌጅ ትምህርት የእነርሱን ሙያ የሚያዋርድ ተደርጎ እንዳይታይ ከወዲሁ አደራ እንላለን።

ታዲያ ኮሌጅ ምን ይጨምራል? በቅድሚያ ፎቶግራፍ እንዴት ወደ ኮሌጅ እንደ ገባ ባጭሩ እንመልከት። ለብዙ ዘመን ሠዓሊዎች "ይህ የመኪና ሥራ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም" እያሉ ይከራከሩ ነበር። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለው አሜሪካዊ ከ1905 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ በከፈተው አነስተኛ ማሳያ ፎቶግራፍን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ እየሰቀለ ተሟገተ። በዚያው ከተማ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1940 ራሱን የቻለ የፎቶግራፍ ክፍል አቋቋመ። አንሰል አዳምስ ደግሞ በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ የፎቶግራፍ ትምህርት ክፍል መሠረተ። በጀርመን አገር በርንድ ቤኸር በ1976 በዱሰልዶርፍ አካዳሚ የፎቶግራፍ መምህር ሲሆን ከሥሩ እነ ጉርስኪና እነ ሽትሩት ወጡ። እንግዲህ ፎቶግራፍ የከፍተኛ ትምህርት ሆኖ መቆሙ የትናንት ወሬ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ምንድን ነው?

አንደኛው ብርሃን ነው። ለምሳሌ አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው በቀትር ፀሐይ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል እንበል። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነጭና ጥቁርን ለይቶ አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጠላው ሲያንጸባርቅበት "ብርሃን በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱስ? ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ የእናትየውም ፊት ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ብዙዎቻችን አልበማችንን ብንገልጥ እንዲህ ያለ ሥዕል አናጣም። የተማረ ሰው መለኪያውን በፊታቸው ላይ ይለካል፤ ወይም ብርሃኑን ሆን ብሎ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይጨምራል። አንድ ደረጃ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ሁለት ደረጃ አራት እጥፍ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን "እማማ፣ እስቲ ወደ ጥላው ፈቀቅ ይበሉ" ማለት ነው። እዚያ የፊታቸው መልክም የነጠላው ጥለትም አብረው ይወጣሉ።

በዚህ ላይ አንድ ሊታወቅ የሚገባው ታሪክ አለ። በቀድሞው ጊዜ የቀለም ፎቶግራፍ በሚታተምባቸው ቤቶች ቀለሙ የሚስተካከለው በነጭ ሴት ሥዕል ላይ በተመሠረተ የመለኪያ ካርድ ነበር። በመሆኑም የጥቁር ሰው መልክ ብዙ ጊዜ ሳይስተካከል ይቀር ነበር። የኛ ልጅ ይህን ካላወቀ ጥፋቱን በራሱ እጅ ወይም በእናቱ መልክ ላይ ያላክካል። ካወቀ ግን መሣሪያው ለማን ታስቦ እንደ ተሠራ ይጠይቃል። ትምህርት የሚባለውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማየት መማር ነው። ተማሪው ለአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ጉዳይ ይሰጠዋል፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ሥራ። ደጋግሞ ይሄዳል፤ መቶ አንሥቶ አሥር ይመርጣል። የተመረጠው ግድግዳ ላይ ይሰቀልና መምህሩና ጓደኞቹ ያዩትን ይናገራሉ። በብዙ ክፍሎች ባለሥራው በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ያዳምጣል። "እኔ ማለት የፈለግሁት እኮ..." ማለት አይፈቀድለትም፤ ሥዕሉ ራሱ መናገር አለበት። ይህ ሰውን የሚያላብ ነገር ነው። ነገር ግን በስልኩ ላይ የጓደኛውን ምስጋና ብቻ ሲለቅም ከዋለ ልጅ የሚለየው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። "ማየት ማመን ነው" እንላለን፤ ዳሩ ግን ፎቶግራፍ የሚያሳየው አንሺው የመረጠውን ቁራጭ ብቻ ነው። ሉዊስ ሃይን የተባለው አስተማሪ ከ1908 ጀምሮ በአሜሪካ ፋብሪካዎችና ማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ ሕፃናትን እያነሣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ እንዲቆም ለተደረገው ትግል ትልቅ ማስረጃ አቀረበ። በሌላ በኩል የኛን አገር እንይ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የወጡት ሥዕሎች ዓለምን ቀሰቀሱ፤ እርዳታም አስገኙ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የውጭ ሰው ኢትዮጵያ ሲባል ያች ሥዕል ብቻ ትመጣበት ነበር። ሥዕሉ ውሸት አልነበረም፤ ብቻውን በመቅረቱ ግን ሌላውን ኑሯችንን ሸፈነው። እንግዲህ ማን እንደሚያነሣን ግድ ሊለን ይገባል።

ከኛው መካከል ሁለት ሰዎችን እናንሣ። ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል አጥንቶ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ተመረቀ። የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ሲለው ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያዘ። ካነሣቸውም መካከል እየፈረሱ ያሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮችና በመቃብር ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸው የሟቾች ፎቶግራፎች ይገኛሉ። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በስደት አድጋ በዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በፊልም ትምህርት ተመረቀች። ወደ አገሯ ተመልሳም በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ትርዒት መሠረተች። ልብ በሉ፤ ከሁለቱ አንዱም "ፎቶግራፍ" የሚል ዲፕሎማ ይዞ አልወጣም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ግን ዓይናቸውን አሠልጥኖታል።

አሁን የወላጆች ሥጋት ላይ እንመለስ። ሐቁን መሸፋፈን አይገባም። ይህ ትምህርት የደመወዝ ዋስትና የለውም። ከተመራቂዎች ብዙዎቹ ሰርግ እያነሡ፣ ለጋዜጣና ለድርጅት እየሠሩ፣ ወይም እያስተማሩ ነው የጥበብ ሥራቸውን የሚደጉሙት። በአሜሪካ የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጆች ክፍያ እጅግ ከባድ ስለሆነ በብድር የሚማር ልጅ ዕዳው ለረጅም ዘመን ይከተለዋል። ትምህርት ቤቶቹም ቢሆኑ ይቸገራሉ፤ አዳምስ ያስተማረበት የሳን ፍራንሲስኮው ትምህርት ቤት እንኳ በገንዘብ እጦት በ2022 ማስተማሩን አቁሟል።

በመሆኑም ምክራችን እንዲህ ነው። እዚህ አገር ላለ ልጅ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ሥዕልና ቅርጽ ተምሮ ወደ ካሜራ መሻገር እንደሚቻል ከሚካኤል አይተናል። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ልጁ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ርካሽ በሆነው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ጀምሮ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር እንደሚችል እወቁ። ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክቱ ከአሥር እስከ ሃያ የሚደርሱ የተመረጡ ሥራዎች ይጠይቃሉ። ወላጅ ሆይ፣ ልጅህን "ካሜራ ግዛልኝ" ሲልህ አትቆጣው፤ "በመጀመሪያ ባለህ ስልክ አንድ ጉዳይ ለአንድ ዓመት ተከታትለህ አሥር ሥዕል አሳየኝ" በለው። ከሰነበተበት ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ከተወውም ያለ ኪሣራ ተለያዩ ማለት ነው።

በመጨረሻ ለሁላችንም የሚሆን ጉዳይ አለ። ከሰፈራችን የፈረሱት ቤቶች ዛሬ የት አሉ? በሽማግሌዎቻችን ትዝታና ካልጋ ሥር በተቀመጡ አልበሞች ውስጥ ብቻ ናቸው። ትዝታ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ አልበሙንም እርጥበት ይበላዋል። ስለሆነም ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቆየት ያሉ ፎቶግራፎቹን ለአንድ ቀን ያውሰን፤ ወጣቶቻችን ቅጂ አንሥተው ዋናውን በዚያው ቀን ይመልሳሉ፤ ከጀርባውም የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን ከባለቤቱ ጠይቀው በቅጂው ላይ ይጽፋሉ። ሁለተኛ፣ ወጣቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዳያነሡ፤ በተለይ በለቅሶ ቤትና በችግር ላይ ያለን ሰው። ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ ለመማር ያሰቡ ልጆች የሠሩትን በማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤ እኛም መጥተን ያየነውን በግልጽ እንንገራቸው። የመጀመሪያው የኮሌጅ ክፍላቸው ይኸው ግድግዳ ይሁንላቸው።

ልጆቻችን እንድንታይ የምንፈልገውን ያህል እኛን ለማየት ከተማሩ ዘመናቸው በከንቱ አይጠፋም። አልበም ያላችሁ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ብትመጡ ወጣቶቹ ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።