የሰከረው ዳኛው ነው ወይስ ወንበሩ?

(በፍትሕ ጉዳይ ላይ በተካሄደ ውይይት ያሰማሁት ንግግር)

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ብዕር ይዤ ከችሎት ችሎት የምዞር፣ በሸጥኩት ጽሑፍ የማድር ጋዜጠኛ ነኝ። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ቀጠሮው ለሦስት ሰዓት ነበር። ዳኛው አምስት ሰዓት ሲቃረብ ዓይናቸው ቀልቶ፣ የማታው መጠጥ ከሩቅ እየሸተተ ገቡ። ልጅ ያዘለች እናት የቀለብ ውሳኔ ልትሰማ መጥታለች። መዝገቡን ሳይገልጡ «ለሚቀጥለው ወር!» አሏት። «ጌታዬ፣ እስከዚያ ልጄ ምን ይብላ?» ብትል ፖሊሱ ክንዷን ይዞ አስወጣት። እኔም ልጽፈው ብዕሬን አነሳሁና «ችሎት ደፈርክ» እንዳልባል ፈርቼ ተውኩት። ዛሬም ይቆጨኛል።

እንዲህ ያለውን ዳኛ ማን ይቅጣው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 መልስ አለው። ዳኛ ከጡረታው በፊት ያለፈቃዱ የሚነሳው የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ በዲስፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስን፣ ውሳኔውንም የሕዝብ ተወካዮች ወይም የክልሉ ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው ነው። የፌዴራል ዳኞች የሚተዳደሩበት አዋጅም መጀመሪያ 24/1988፣ ቀጥሎ 684/2002፣ ከዚያም 1233/2013 እየሆነ መጥቷል። አዋጅስ አልቸገረን!

ታዲያ «ሰካራም ሁሉ ይባረር!» ብዬ ልውረድ? የለም! ያችው ዱላ ነገ በማን ጀርባ ላይ እንደምታርፍ አስቡ። ሹማምንት እንዲታሰር የፈለጉትን ሰው በዋስ የለቀቀ ዳኛ «ትናንት የት አመሸህ?» ተብሎ ቢጠየቅስ? የጠላ ብርጭቆ ለፖለቲካ ቂም መወጫ አትሆንም ያለው ማነው?

ስለዚህ ነገሩን እንለየው። ዳኛ በበዓል ቀን ከዘመዱ ጋር ጠጅ ቢቀምስ የራሱ ጉዳይ ነው። ሰክሮ ችሎት ከገባ፣ ባለጉዳይ በከፈለለት ከጠጣ፣ በስካር ሰው ከደበደበ ግን ጉዳዩ የሕዝብ ነው፤ ይጠየቅ! መጠጡ ሱስ ሆኖበት መተው ያቃተውም ይታከም፤ ሕገ መንግሥቱ ሕመምን ከጥፋት ለይቶ አስቀምጦታል። እስኪድን ግን ወንበሩ ላይ አይቀመጥ፤ በሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ማገገም አይቻልምና!

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ክሱ በጽሑፍ ይሁን። ዳኛው መልሱንና ምስክሩን ያሰማ። ውሳኔው ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጥ። በጓዳ የተቀጣ ዳኛ ጥፋተኛ ይሁን ተበዳይ በምን እናውቃለን? በጓዳ የተማረውስ?

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ሩጫቸውን ይገቱ ነበር። ያቺ እናት በዚያን ዕለት ይህን ብትል ማን ይሰማት ነበር? ዳኛው አልሰማም፤ ፖሊሱ አልሰማም፤ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል።