አሮጌይቱን የስፖርት አውቶሞቢል በቤት ስለ መጠገንና ስለ ማሻሻል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲናገሩ፥ እኛ አራታችን ስለ ዘይትና ስለ ዝገት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከመጻሕፍት ጋራ እንውላለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከአራታችን በአንዱ አያት ግቢ፥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፥ ከአንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ጋራ እንገኛለን። ሽማግሌውን ሁላችንም አባባ እያልን እንጠራቸዋለን፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ነው።

አውቶሞቢሏ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ትባላለች። ዓይነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በቱሪን ከተማ በተደረገው የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ ነው። አካሏን የነደፈው የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፥ ሞተሯን ያቀደው ቀድሞ የፌራሪን ሞተሮች ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ሞተሯ 1438 ሲሲ፥ ኃይሏ 90 የፈረስ ጉልበት፥ ማርሿ አምስት ነው፤ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ የዲስክ ፍሬን አላት። ይህ ሁሉ በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ላልሆነች መኪና ብዙ ነበር። አባባ በ1963 ዓ.ም. የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ሳሉ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ገዟት። እኛ ባገኘናት ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም ነበር፤ የሸራ ጣሪያዋ ተቀዶ፥ በሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበት ነበር። አባባ ዶሮይቱን ለማስነሣት ስላልወደዱ ሥራችን በሦስት ሳምንት ዘገየ።

አሁን ጥፋታችንን እንናገራለን፤ ሳንናገረው ብናልፍ የቀረው ንግግራችን ሁሉ ውሸት ይሆናልና።

ሥራ የጀመርነው ከላይ ነው። ቀለሟን አስወለወልን፤ ቸርኬዎቿን አጥበን አብለጨለጭን፤ ድምፅዋ እንዲያምር ብለን የቀድሞውን ማርሚታ አውልቀን የሚጮኽ ማርሚታ አስገጠምንላት። ባትሪ አስገብተን፥ ቤንዚኑን ለውጠን፥ ካንዴላዎቹን አጽድተን በአንድ ቅዳሜ ብትነሣ ጊዜ እልል አልን። ፍሬኗንስ? ፍሬኗን ቆማ ሳለች ረግጠን ሞከርነው፤ ጠንካራ ነበርና በቃን አልን። ከግቢው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ጊዜ ረገጥን፥ ያዘች፤ ሁለተኛ ረገጥን፥ ያዘች፤ በሦስተኛው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ከፊታችን አንዲት ሕፃን ልጅ ውሃ ይዛ መንገዱን አቋርጣ ገና ማለፏ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስበን፥ ለቤት ሥራ በተከመረ አሸዋ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሰው አልተጎዳም። ልጅቱም ዞር ብላ አይታን ሄደች፤ ምን እንደ ተረፈች አላወቀችም።

አባባ አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱትና፥ «ፍሬን ምን እንደ ሆነ እያንዳንዳችሁ በወረቀት ሥላችሁ የምታስረዱኝ ቀን እመልሳለሁ» አሉን። ቁልፉ የተመለሰልን ከሁለት ወር በኋላ ነው።

በነዚያ ሁለት ወራት የተማርነው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ መኪናይቱ ባትነዳም እንኳ ዘይቱ ያረጃል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለ ሆነ የእግራችን ኃይል ወደ ጎማው አይደርስም። በእኛ ላይ የደረሰው ግን ከዚህም የቀለለ ነገር ነበር። የገባው ውሃ የዋናውን የፍሬን ፖምፓ ውስጡን አዝጎት፥ ዝገቱ የደረቁትን ጎማዎች ቧጥጦ ቀደዳቸው። የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎችም በውጭ ሲያዩአቸው ደኅና ናቸው፤ አንዱን በስለት ብንሰነጥቀው ውስጡ አብጦ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቀርቶት ነበር። ስለዚህ በአራቱም ጎማዎች ያለውን ፈታን፤ የተጣበቁትን ፒስተኖች አውጥተን አጸዳን፤ ጎማ የሆነውን ሁሉ በአዲስ ተካን። የሞተሩንም ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ለወጥን፤ ይህ ቀበቶ ቢበጠስ ሞተሩ ወዲያው ይቆማልና። ጎማ ሲነዱትም ሲያቆሙትም የሚያረጅ ነገር ነው።

ከመኪና ሥር ስለ መግባትም አንድ ቃል እንበል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። መኪናይቱ በብረት መቆሚያ ላይ ካላረፈችና ጎማዎቿ በድንጋይ ካልታገዱ በስተቀር ከእኛ ማንም ከሥሯ አይገባም። የጓደኛችን እናት ከማድ ቤት ሆነው በየሩብ ሰዓቱ «ማነው ከሥር ያለው?» እያሉ ይጣራሉ፤ መልስ ካልሰሙ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ ይመጣሉ። መቆሚያውን ያስገዙንም እርሳቸው ናቸው።

የወለሏን ላሜራ የክረምት ውሃ በልቶት ነበር። ይህን በቤት አልሠራነውም፤ የቤንዚን ሰልባቲዮውን አውልቀን፥ ባትሪውን ፈትተን ወደ ብየዳ ባለሙያ ወሰድናት። በቤት መሥራት ማለት ሁሉን በቤት መሥራት ማለት አይደለም።

ዕቃ ከየት ይገኛል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይህች ዓይነት አውቶሞቢል እስከ 1985 ድረስ ወደ 200,000 ገደማ ተሠርታ አብዛኛዋ ወደ አሜሪካ ስለ ተላከች፥ ዕቃዋ እዚያ ዛሬም ይገኛል። የፍሬኑን ጎማዎችና ቀበቶውን የአንዳችን አክስት ከቨርጂኒያ በሰው አስይዘው ላኩልን። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ስሕተት ሠርተን ነበር። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳ የተወለደችው ከቤት አውቶሞቢሉ ከፊያት 124 ነው፤ በ1970 በሶቪየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ መሠራት ጀመረች። ይህን በሰማን ጊዜ «እንግዲያው እኅትማማች ናቸው» ብለን ወደ ሶማሌ ተራ ሮጥን። እኅትማማችስ ናቸው፤ ነገር ግን ሩሲያውያኑ ለመንገዳቸው እንዲስማማ ብዙውን ለውጠውታል። ሞተሩ ሌላ ነው፤ የኋላ ፍሬኑም ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው። ገንዘባችንን ከፍለን የገዛነው ዕቃ አልገጥም ብሎ ዛሬ የዳሱ በር መያዣ ሆኖ ያገለግላል።

አሁን ስለ ማሻሻል እንናገር፤ ጠብ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ከእኛ ሦስታችን ሰፋፊ ጎማ፥ ዝቅ ያለ ሞላና ያንኑ የሚጮኽ ማርሚታ ፈለግን። አባባ፥ «ይህች መኪና መጮኽ አልተማረችም» አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንድ ደንብ አወጡልን፤ ይኸውም በአንድ ቀን ተፈትቶ ወደ ቀድሞው ሊመለስ የማይችል ለውጥ እንዳይደረግ፥ የወጣውም አሮጌ ዕቃ በስሙ ተጽፎበት በአንድ ሣጥን እንዲቀመጥ ነው። በመጀመሪያ ደንቡ የሽማግሌ ደንብ መሰለን። ነገር ግን ሞላዋን ዝቅ አድርገን በሰፈራችን መንገድ ብንነዳት፥ ያስበየድነውን ወለል በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እናጣው እንደ ነበር መካድ አንችልም። ከአራታችን አንዱ ግን ስለ ሰፋፊው ጎማ እስከ ዛሬ አልተረታም፤ አሁንም እዚያ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ነው።

በደንቡ ከሠራናቸው ሁሉ የላቀ ጥቅም የሰጠን በዓይን የማይታይ ለውጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን በባቄላና በሽምብራ ያውቁታል፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥሬው ቶሎ አይበስልም። ሞተርም እንዲሁ ነው። በቱሪን 90 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 70 ገደማ ቢሰጥ አያስደንቅም። ካርቡራተሩ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ስለሚያፈስስ ቅልቅሉ ይበዛበታል። ካንዴላዎቹን ብናወጣቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረው ነበር፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አለች። በላይዋ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳይቱ ስፋት ነው፤ 130 ቢል 1.30 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህችን አውጥተን በጥቂት ጠበብ ባለች ተካናት፤ አንድ ሳምንት ነድተን ካንዴላውን ብናይ ገና እንደ ተቆላ ገብስ ቀለም ይዞ አገኘነው። ቤንዚንም ቀነሰ፤ አባባም «በጎልማሳነቴ እንኳ እንዲህ አልሄደችም» አሉ። አሮጌይቱን ቀዳዳ ግን አልጣልናትም። ወደ አዋሽ የወረደ ሰው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር በጠባቧ ቢነዳ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

የቀሩትን ለውጦች በአጭሩ እንናገር። ለፊት መብራቶቹ ሪሌ ገጠምን፤ ቀድሞ ኤሌክትሪኩ ሁሉ በአሮጌው ማብሪያ በኩል ስለሚያልፍ መብራቱ እንደ ኩራዝ ነበር። ባለ ሦስት ማሠሪያ የደኅንነት ቀበቶ አስገባን። የሚጮኸውን ማርሚታ ራሳችን አወለቅነው፤ በሣጥኑም ውስጥ አላስቀመጥነውም።

አንዳንድ ወላጆች፥ «ለአንዲት አሮጌ መኪና ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይሉን ይሆናል። በ2024 መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መልሷል። ውሳኔው የሚነቀፍ አይመስለንም። ያሉት አሮጌዎቹ ግን አሁንም በመንገድ ላይ ናቸው፤ ፍሬናቸውም እንደ እኛይቱ ፍሬን ያረጃል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ውሃ ይዛ ያለፈችውን ልጅ ዛሬም በየጊዜው እናያታለን።

ባለፈው ጥር አባባን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ሄድን። እርሳቸው ዓይናቸው ስለ ደከመ አልነዱም፤ በቀኝ ወንበር ተቀምጠው፥ ጣሪያው ተገልጦ፥ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። እጃቸው ግን አላረፈም፤ ማርሽ መለወጫው በደረሰ ቁጥር ከእኛ ቀድመው በአየር ላይ ይለውጡ ነበር። አምስተኛው ማርሽ ሲገባ «አሁን ስሟት» አሉን። ከዚያ በኋላ እስከ ሐይቁ ድረስ አልተናገሩም።

እኛ በሐምሌ ወር እንበታተናለን። ስለዚህ የሠራነው ሁሉ፥ የለወጥነውም የተሳሳትነውም፥ ከነቀኑ የተጻፈበትን ደብተር ዛሬ ለ10ኛ ክፍል ሁለት ተማሪዎች፥ ለአንዲት ልጅና ለአንድ ልጅ፥ እናስረክባለን። ሁለቱም የፍሬኑን ሥዕል ሥለው ለአባባ አስረድተዋል፤ ልጅቱ ከእኛ በተሻለ አስረድታለች። የሚቀራቸው ሥራ የሸራው ጣሪያ ነው፤ በግራ በኩል አሁንም ያፈስሳልና ክረምቱ ሳይገባ መሰፋት አለበት። የፍሬኑም ዘይት በሚመጣው ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ዓመት ስለሚሞላው ይለወጣል። ሊያግዝ የሚወድ ተማሪ ቢኖር ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ይምጣ፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ግን ከዳሱ አይገባም።